ባለቤቴ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ እኔ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሌሊት ደረቱን ጫን ብሎት ነቃ። በላብ ተጠምቆ ነበር። «ጨጓራዬ ነው፣ ተኚ» አለኝ። ለምኜ ለምኜ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ተነሳ፤ መኪናውንም ራሱ ነድቶ ሄድን። እንደደረስን የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ኢሲጂ አነሱትና «ቁጭ በሉ፣ ትጠራላችሁ» አሉን። ከኛ በኋላ የመጡ ሰዎች ቀድመውን ሲገቡ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ ነርሷ ላይ ጮህኩ። ሐኪሙ ሲመጣ ባለቤቴ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ አፌ ተሳሰረ። ቆይተው «አንዴ ውጪልን» አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ደሙን ሁለት ጊዜ ቀዱት። ሲነጋ «ልቡ ደህና ነው» ተብሎ ቀጠሮ ይዘን ወጣን። ቤት ስንደርስ ግን የተባልነውን ሁለታችንም አናስታውስም። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ትንፋሹን ሳዳምጥ አድራለሁ። የኔ እዚያ መኖር ምን ጠቀመው? ሌላ ጊዜ ቢያጋጥመን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ባለቤትሽ በሰላም ወጣልሽ። የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። እንዳንቺ ያሉ አስታማሚዎችን በየቀኑ አያለሁ። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። የት መቆም እንዳለባቸው እንኳ የሚነግራቸው የለም። የኛ ዓይን በሽተኛው ላይ ነው። ስለዚህ ያቺን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እንያት።

ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ልንገርሽ። በዚያች ሌሊት ሐኪሞቹ ስለ ልብ ያውቃሉ፤ ስለ ባለቤትሽ ግን ምንም አያውቁም። ወትሮ የፊቱ መልክ ምን እንደሚመስል፣ ሲያመው ዝም ይል እንደሆነ ወይም ይነጫነጭ እንደሆነ፣ «ትንሽ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አያውቁም። ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የአስታማሚ ትልቁ ሥራም እሱ ነው፤ የምታውቂውን ሰው ለማያውቁት ሰዎች ማሳወቅ። ሐኪም መሆን አይጠበቅብሽም። አለማልቀስም አይጠበቅብሽም።

አሁን ቤታችሁ እንመለስ። ያቺ አንድ ሰዓት ታሳስበኛለች። የማስበው የልብ ደም ሥር በድንገት የሚዘጋበትን ሕመም ነው። ያን ጊዜ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ይሄዳል። የሞተው ደግሞ አይመለስም። ደረት መሐል ላይ የሚጫን ወይም የሚጨምቅ ሕመም፣ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ «እስኪ ይንጋ» አይባልም። በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የደረቱ ሕመም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን የምልሽ ተራው ያንቺ ሊሆን ስለሚችልም ነው።

«ጨጓራዬ ነው» የሚል ሰው ጋር ስለ በሽታው ስም አትከራከሪ። ሰዓት ታባክኛለሽ፤ እሱም እልህ ይይዛል። «ጨጓራ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ተመርምረን እንመለሳለን፤ እኔ ግን እንዲህ ሆነህ መተኛት አልችልም» በይው። ለራሱ ሲል የማይነሳ ሰው ለሚስቱ ሲል ይነሳል። በተለይ ወንዶች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሌላው መኪናው ነው። ደረቱን የሚያመው ሰው መሪ መያዝ የለበትም። ልቡ ድንገት ምት ቢስት መንገድ ላይ ራሱን ይስታል፤ አንቺንም፣ ሌላ ሰውንም ይዞ ይሄዳል። አምቡላንስ የሚገኝ ከሆነ አምቡላንስ ይጠራ። ባለሙያ ያለበት አምቡላንስ ከሆነ ሕክምናው እዚያው ይጀመራል። ከሌለ ሌላ ሰው ይንዳ። ስትደውዪ የሚያነሳው ባለሙያ አስፒሪን እንዲያኝክ ሊነግርሽ ይችላል። ሳይነግሩሽ ግን በራስሽ አትስጪው፤ አለርጂ ላለበት ወይም ደም ለሚፈስሰው ሰው አደጋ አለው። ከሰጠሽው ደግሞ መቼና ስንት እንደሰጠሽ ተናገሪ።

ከቤት ስትወጪ ምን ልያዝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ሰብስበሽ በአንድ ፌስታል ክተቺ። ስም ለማስታወስ አትታገዪ፤ «ነጯ ክኒን» ብትዪን አንረዳም። መነጽር ወይም የጆሮ መስሚያ ካለው አትርሺ። ያለ እነሱ የሚሉትን አይሰማም፣ የሚያሳዩትን አያይም፤ ዕድሜው የገፋ ከሆነማ ግራ ተጋብቶ ሊቃዥ ይችላል። የስልክ ቻርጀር ያዢ። ሌላው ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ከምንም ነገር በፊት አድርጊ። ሰዓት እዪ። ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው? ይህቺ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ አንዳንዴ ግን ሕክምናውን የምትወስነው እሷ ናት። ለምሳሌ ባለቤትሽ ደረቱን ሳይሆን አንድ ጎኑ ቢዝልበት፣ ፊቱ በአንድ በኩል ቢንጋደድ፣ ንግግሩ ቢኮላተፍ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ሊሆን ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ በአብዛኛው የሚሰጠው ከጀመረበት 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። ከእንቅልፉ ሲነሳ እንዲህ ሆኖ ካገኘሽው፣ የምንቆጥረው ከነቃበት ሰዓት አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። «ማታ 4 ሰዓት ላይ ደህና እደሪ ብሎኝ ነው የተኛው» ማለትሽ ለኛ ትልቅ መረጃ ነው። ሌሊት ተነስቶ ውሃ ጠጥቶ፣ አንቺም አናግረሽው ከነበረ እሱንም ተናገሪ። መርፌውን የሚያገኝበት ጊዜ ገና ሳያልፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሆስፒታል በር ላይ ደረሳችሁ። ኢሲጂ ተነሳ፤ ከዚያ ቁጭ በሉ ተባላችሁ። አንቺ ይህን «ረሱን» ብለሽ ነው የተረዳሽው። በእርግጥ የሆነው ሌላ ነው። ደረቱን አመመኝ የሚል ሰው ኢሲጂው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ያ ወረቀት የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ የተዘጋበትን ሰው ወዲያው ሊለይ ይችላል። ያ ቢሆን ኖሮ ባለቤትሽ አንድ ደቂቃም አይቀመጥም ነበር። ወረቀቱን ያየው ሐኪም «ትንሽ መጠበቅ ይችላል» ብሎ ወስኗል ማለት ነው። ይህን የነገራችሁ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትነገሩ አንቺም አትጮሂም ነበር።

ተራ የሚያዘው በመምጣት ቅደም ተከተል አይደለም። መጀመሪያ ትሪያጅ የሚባለው ቦታ ላይ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀትና የኦክስጅን መጠን ይለካል፤ ከዚያ ቀለም ይሰጣል። በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት የደቡብ አፍሪካ መለኪያ ቀዩን ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማውን በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫውን በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴውን በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲታይ ያዛል። አሠራሩ የቆየ ነው። ከናፖሊዮን ጦር ጋር የዘመተው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ የቆሰሉትን በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት ያክም ነበር። ከናንተ በኋላ መጥቶ ቀድሟችሁ የገባው ሰው ምናልባት እየሄደ ገብቶ ይሆናል፤ ግን ግፊቱ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከውጭ አይታይም።

ቀለሙ ግን እንደተሰጠ አይቀርም። መጠበቂያው ውስጥ ሳላችሁ ሁኔታው ከተለወጠ ቀለሙም ይለወጣል፤ ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። «ለምን አትጠሩንም?» ከማለት «ስንመጣ ያወራ ነበር፣ አሁን መልስ መስጠት አቆመ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያውን በቀን መቶ ጊዜ እንሰማዋለን። ሁለተኛውን የሰማች ነርስ ግን ተነስታ ትመጣለች። ሕመሙ ከበረታ፣ ፊቱ አመድ ከመሰለ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጠው፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ከተደናገረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ተራ አትጠብቂ። ተነስተሽ ንገሪ። አንዴ ተናግረሽ ማንም ካልመጣ ደግመሽ ንገሪ። ይህ መጨቅጨቅ አይባልም።

ከዚያ ሐኪሙ መጣ፤ አንቺም አፍሽ ተሳሰረ። እህቴ፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ፍርሃት ቃል ያሳጣል። ስለዚህ ቃሉን አስቀድመሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው። መንገድ ላይ ወይም መጠበቂያው ውስጥ ሆነሽ ጻፊው፤ ሲጠሩሽ አንብቢው። ማንበብ ነውር የለውም። የኔ ጆሮ መስማት የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፦

«ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሕመሙ ቀሰቀሰው። ደረቱ መሐል ላይ ነው የተጫነው። ልብሱ በላብ ርሶ ነበር። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቀለለው፤ መንገድ ላይ ተመለሰበት። የግፊት መድኃኒት ታዞለት ነበር፣ ካቋረጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አባቱ በልብ በሽታ ነው ያረፉት። ፔኒሲሊን አይስማማውም። የበላው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው።»

ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «ካቋረጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል» የሚለውን እሱ አይነግረንም። ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጎበዝ ተማሪ መምሰል ይፈልጋል። መድኃኒት ያቋርጥና «እወስዳለሁ» ይላል፤ ያጨስና «ትቻለሁ» ይላል። እሱ «ደህና ነኝ» ሲል አንቺ ልታሳጪው አይገባም። «እሱ ቻይ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ግን አይቼው አላውቅም» በዪ። አላዋረድሽውም፤ እኛ ግን ሰማን። አንዲት ሚስት «ባለቤቴ እንዲህ ዝም የሚል ሰው አይደለም» ስትለኝ የያዝኩትን ትቼ ነው የምሄደው። የላብራቶሪ ማሽን ይህን አይለካም።

መድኃኒት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አደጋው ያለው እዚህ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ፣ በተለይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም ደም ፈስሶት ከመጣ፣ ገና ከበሩ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነም እንዲሁ፤ የስኳር መውረድ ስትሮክ ሊመስል ይችላል፤ አንድ ጠብታ ደም ይለየዋል። ከዕፅዋት የተቀመመ መድኃኒት፣ ከጓደኛ የተሰጠ ክኒን፣ ቤት ውስጥ የዋጠው ማስታገሻ፣ ሁሉም ይነገር። አንድ ደግሞ አለ፣ ባለትዳሮች ሲያፍሩ ዝም የሚሉት። ለወሲብ ብርታት የሚወሰዱ ክኒኖች። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚሰጥ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል መድኃኒት አለ። ሲልዴናፊል የወሰደ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ታዳላፊል የወሰደ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ይህን ካገኘ ግፊቱ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ ሲጠይቅ ባልየው ወደ ሚስቱ ያያል፤ ሚስትየዋ ወደ መሬት ታያለች። እባካችሁ፣ እኛ ጋ አያሳፍርም። ሰው ፊት መናገር ከከበደሽ ነርሷን ጠጋ ብለሽ በጆሮዋ ንገሪያት።

እዚህ ላይ «አንዴ ውጪልን» የተባልሽበትን እንመልከት። አልተጠረጠርሽም፤ አልተናቅሽምም። በብዙ ቦታ ማንኛውም በሽተኛ ብቻውን የሚጠየቅበት ጥቂት ደቂቃ አለ። አንዳንድ ጊዜ ልብስ ለማስወለቅ ወይም ለምርመራ ቦታ ለማስለቀቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ለጥያቄው ነው። ምን ወሰድክ? ምን ጠጣህ? የሚያስጨንቅህ ነገር አለ? ቤትህ ሰላም ነው? በጣም የሚዋደዱ ሰዎችም አንዳቸው ለሌላው ያልነገሩት ነገር ይኖራል። ሴት በሽተኛ ስትሆን እርግዝናን እንጠይቃለን፤ የሚመታት ሰው እንዳለም እንጠይቃለን። የሚመታት ሰው ደግሞ አንዳንዴ አስታማሚ ሆኖ የመጣው ራሱ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው ለሁሉም፣ ሳይመረጥ፣ ብቻውን የሚቀርበው። ስትወጪ ባለቤትሽን «ውጭ ነኝ፣ እመለሳለሁ» በዪው። ነርሷንም «መቼ ልመለስ?» ብለሽ ጠይቂያት። ስትመለሺ «ምን ጠየቁህ?» ብለሽ አትመርምሪው። ሊነግርሽ ከፈለገ ይነግርሻል።

ደሙ ሁለት ጊዜ ለምን ተቀዳ? ብዙ ሰው የመጀመሪያው ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ይመስለዋል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ከፍ እስኪል ግን ሰዓታት ይወስዳል። የመጀመሪያው ናሙና ደህና ቢሆንም ቶሎ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደ ምርመራው ዓይነት ከ1 እስከ 6 ሰዓት ጠብቀን እንደግመዋለን፤ ለውጡን ነው የምናየው። የኢሲጂውም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ንጹሕ ወረቀት ልብ ድኗል ለማለት አይበቃም። ያ ዝም ብሎ የሚያልፍ የመሰለሽ ረጅም ሌሊት እሱ ራሱ ምርመራው ነበር። «አሁን የምንጠብቀው ምንድን ነው? መቼ ይደርሳል ብለን እናስብ?» ብለሽ ጠይቂ። የምትጠብቂውን ስታውቂ ሰዓቱ ራሱ ያጥራል።

በዚያ ሰዓት ውስጥ ውሃም ሆነ ምግብ ሳትጠይቂ አትስጪው። ከንፈሩ ደርቆ ሲለምንሽ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን ድንገት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው በሰመመን ጊዜ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላል። በመደበኛው አሠራር ከሰመመን በፊት ከጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት መታቀብ ያስፈልጋል። «ከንፈሩን ላርጥብለት?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ሕመሙ ከበረታበት ግን ዝም ብሎ አይቻለው። ማስታገሻ በሽታውን ይደብቃል የሚለው የድሮ አስተሳሰብ ነው፤ የሆድ ሕመም እንኳ ቢሆን ሐኪሙ ማስታገሻ ሰጥቶ መመርመር ይችላል።

ሞኒተሩ ሲጮህ ልብሽ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ እሱን እዪው፤ ስክሪኑን በኋላ። መልኩ እንደነበረ ነው? ይመልስልሻል? እንዲያ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጣቱ ላይ ያለችው መቆንጠጫ ወልቃ ወይም ጣቱ ቀዝቅዞ ነው። የጥፍር ቀለምም ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ቢሆንም ድምፁን ራስሽ አታጥፊው፤ ነርስ ጥሪ። ያ ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ አፍጥጠሽ ስታዪ አትደሪ። እሱ የሚያየው ያንቺን ፊት ነው። ወንበርሽን ራስጌው አጠገብ አድርጊው፣ እጁን ያዥው፣ ግሉኮሱ ካልተሰካበት በኩል። መርፌ ወይም ደም ስታዪ ራስሽን የሚያዞርሽ ከሆነ ቁጭ በዪ፤ ሳይነግሩን ቆመው ቆይተው የሚወድቁና ሌላ አልጋ የሚያስፈልጋቸው አስታማሚዎች አሉ።

ስልክ። ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ወንድም ይደውላል፣ እህት ትደውላለች፣ ጎረቤት ይሰማል። ለእያንዳንዱ ስትተርኪ ሐኪሙ መጥቶ ይሄዳል። አንድ ሰው ምረጪ፤ የማይደናገጥ፣ የማያጋንን። ለእሱ ብቻ ንገሪው፤ ሌላውን እሱ ይመልስ። «ገና እየተመረመረ ነው፣ አዲስ ነገር ሲኖር እደውላለሁ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ያልተረጋገጠ የበሽታ ስም አትላኪ፤ እስኪነጋ ዘመድ ሁሉ ያለቅሳል።

ጠዋት ወይም ማታ ተረኛው ሲቀየር ነቃ በዪ። የወጣው ሐኪም ለገባው ሐኪም ይናገራል፤ በዚያ መሐል የምትረሳ ነገር ልትኖር ትችላለች። አዲሱ ሐኪም ሲመጣ «ሁለተኛው ደም ተቀድቷል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው፤ ፔኒሲሊን አይስማማውም» ብለሽ ብትደግሚለት አይከፋውም።

አሁን መስማት የማትፈልጊውን ልንገርሽ፤ ሌላ ጊዜ ቢያጋጥመን ስላልሽ። ሁኔታው ቢከብድና ሰዎች ወደ አልጋው ቢሮጡ ከመንገዳቸው ፈቀቅ በዪ፤ ግን የግድ መሄድ አለብሽ ማለት አይደለም። «መቆየት እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ልባቸው የቆመ ሰዎችን 570 ዘመዶች ተከታትሎ ነበር። ሰዎቹ ልባቸው የቆመው ቤታቸው ውስጥ ነበር። ሕክምናው ሲደረግ እንዲያዩ ዕድል የተሰጣቸው ዘመዶች ከሦስት ወር በኋላ የሥነ ልቦና ቁስላቸው ካልተሰጣቸው ያነሰ ነበር። የሕክምና ቡድኑንም ሥራ አላደናቀፉም። ማየት አልችልም ማለትም መብትሽ ነው። ማንም አይፈርድብሽም።

ባለቤትሽ መናገርና ማሰብ እስከቻለ ድረስ የሚወስነው እሱ ነው፤ አንቺ ባትስማሚም። መናገር ካልቻለ ወደ አንቺ እንዞራለን። ያን ጊዜ የምንጠይቅሽ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አይደለም። «እሱ ቢናገር ምን ይል ነበር?» ነው። ይህን አንድ ቀን፣ ሁለታችሁም ደህና ስትሆኑ፣ ብትነጋገሩበት ጥሩ ነው። ለሁለታችሁም።

ወደ ንጋቱ። «ልቡ ደህና ነው» ተባላችሁ። ይህን በትክክል ተረጂው። በዚያች ሌሊት የልብ ጡንቻው እንዳልተጎዳ ምርመራው አሳየ ማለት ነው። ደረቱን ያመመው ምክንያት ታወቀ ማለት ግን አይደለም። ቀጠሮው የተሰጠው ለዚያ ነው። እንቅልፍ ያጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ልብሱን እየለበሰ፣ ሌላዋ ጫማ እየፈለገች፣ የሚነገራቸውን ባይዙ አይገርምም። እኛም እንቸኩላለን። መፍትሔው አንድ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት የገባሽን በራስሽ አማርኛ መልሰሽ ንገሪያቸው። «እንግዲህ ይህን ክኒን በቀን አንዴ ማታ ማታ ይወስዳል፤ ያኛውን አቁሟል፤ ሕመሙ ቢመለስ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ሳንውል ሳናድር እንመጣለን፤ ልክ ነኝ?» ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል። ገና ያልደረሰ ውጤት ካለ ማን እንደሚነግራችሁ ጠይቂ። ማስታወሻ ያዢ፤ ከፈቀዱልሽም በስልክሽ ቅጂው።

አሁንም አልረፈደም። የተሰጣችሁን ወረቀት ይዘሽ ደውዪ ወይም ሂጂ፤ «በዚያች ሌሊት የተባልነውን አልያዝነውም፣ ድገሙልን» በዪ። የግፊት መድኃኒት ካለው ሐኪሙ ሳያውቅ አያቁም፣ አይጀምርም። ለቀጠሮው አብረሽው ግቢ። ላብ የነበረውን፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲህ ተመልሶበት እንደሆነ፣ ደረጃ ሲወጣ ይይዘው እንደሆነ ጽፈሽ ያዢ። «ሕመሙ ከልብ ካልሆነ ከምንድን ነው? ልቡስ በእንቅስቃሴ ጊዜ ይታይለታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ትንፋሹን እያዳመጥሽ የምታድሪው ነገር ደግሞ ያንቺ ሕመም ነው። ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ ለጥቂት ሳምንታት መደንገጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያ የሞኒተር ድምፅ ጆሮ ላይ መቅረት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ሥራ መሥራትና መብላት ካቃተሽ፣ ለራስሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። «እኔ ምን ሆኜ፣ የታመመው እሱ ነው» አትበዪ። ለባለቤትሽም ንገሪው። ምናልባት እሱም ጨለማው ውስጥ ነቅቶ አንቺ እንዳትሰሚው እየተጠነቀቀ ይሆናል። ሕመሙ ቢመለስበት እንደማይደብቅሽና አንቺ «እንሂድ» ስትዪ እንደሚነሳ አሁን፣ ደህና ሳለ፣ ቃል አስገቢው። ማን እንደሚነዳ፣ ማን ጋ እንደሚደወል፣ የመድኃኒቶቹ ፌስታል የት እንደሚቀመጥ ተስማሙ። ያን ካደረጋችሁ በኋላ ሌሊቱን ነቅቶ መጠበቅ አይኖርብሽም። ደረቱን የጫነው ሰው ብዙውን ጊዜ ይነቃል፤ ቃል እንደገባልሽም ይቀሰቅስሻል።

የኔ መኖር ምን ጠቀመው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሆስፒታል የሄደው አንቺ ስለለመንሽው ነው።